የመልክዓ ምድር ሥዕል ማንን ይገዳደራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ በተከፈተ አንድ ዐውደ ርእይ ላይ መካከለኛ መጠን ያለው የዘይት ቅብ ተሰቅሎ አየሁ። የዛገ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጀርባው ሌላ የዛገ ጣሪያ፣ ከዚያም ሌላ፤ ጫፉ ላይ የባሕር ዛፍ መስመር፣ በላዩ ሰማይ። ሌላ ምንም አልታየኝም። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ሥዕሉ ፊት ረጅም ጊዜ ቆዩና አጠገባቸው ወደ ነበረው ወጣት ዞር ብለው «ሰዎቹ የት ሄዱ፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት። «እማማ፣ የሰፈር ሥዕል ነው፤ ሰው የለበትም» አላቸው። በመልሱ የረኩ አልመሰሉኝም።

መሀል ከተማው መልኩን እየለወጠ ባለበት በዚህ ጊዜ ስለ ሰፈርና ስለ ኮረብታ ሥዕል ሁለት ዓይነት አስተያየት እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «የሳሎን ማስጌጫ ነው» ይላል። ሌላው «ዝምተኛ ተቃውሞ ነው» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። የመልክዓ ምድር ሥዕል የሥነ ጥበቡን ዓለም እንዴት እንደሚፈትን ለመረዳት የእኒያን እናት ጥያቄ ይዞ ትንሽ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪኮች ዓመት የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መልክዓ ምድር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። በቤተ ክርስቲያን «መልክዕ» የሚባል የምስጋና ድርሰት አለ፤ መልክዐ ማርያምን፣ መልክዐ ኢየሱስን አስቡ። ደራሲው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የአካል ክፍል በየተራ «ሰላም ለ» እያለ፣ በአምስት በአምስት ስንኝ ያወድሳል። ዓይን የራሱ አርኬ (የግጥም አንጓ) አለው፤ ከንፈር የራሱ፣ ጣት የራሱ። እንግዲህ «መልክዓ ምድር» ማለት የምድር መልክ ማለት ነው። ቋንቋችን ምድርን ፊት እንዳላት፣ ተራ በተራ ልትታይ እንደሚገባት አድርጎ ሰይሟታል። ከሌሎች ቋንቋዎች የምናውቃቸው ብዙ ስሞች ይህን ያህል ክብር አይሰጧትም።

በሥዕል ቋንቋ ደግሞ መልክዓ ምድር የሚባለው ቦታው ራሱ ዋና ጉዳይ የሆነበት ሥዕል ነው። ተራራ ብቻ አይደለም፤ መንገድ፣ ጣሪያ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የአውቶቡስ መቆሚያ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ንጉሥ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ከኋላው ኮረብታ ቢሳል ኮረብታው መድረክ ነው። ንጉሡ ወርዶ ከሄደና ኮረብታው ብቻ ከቀረ መልክዓ ምድር ይሆናል።

«የሥነ ጥበቡ ተቋም» የሚባለው ማን ነው?

አንድ ሕንፃ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። የትኛው ሥዕል «ትልቅ» እንደሆነ የሚወስኑ ሰዎችና ልማዶች ድምር ነው፦ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት፣ የሚመርጡት ዳኞች፣ የሚጽፈው ሐያሲ፣ ግድግዳውን የሚሰጠው ጋለሪ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ገዢ።

የድሮውን የግብር አዳራሽ አስቡ። ሁሉም ተጋብዟል፤ ሁሉም ይበላል። ነገር ግን ማን ከዙፋኑ አጠገብ፣ ማን ከመሀል፣ ማን ከበሩ አጠገብ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሚቀርበው ሥጋና ጠጅም እንደ ማዕረጉ ነው። ማንም «አንተ አትረባም» ብሎ የሚናገር የለም። መቀመጫው ይናገራል። የሥዕል ዓለምም እንዲህ ያለ አዳራሽ ነው፤ የመልክዓ ምድር ሥዕልም ለረጅም ዘመን ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ለምን ከታች ተቀመጠ?

የአውሮፓው መልስ በጽሑፍ የሰፈረ ነው። የፈረንሳይ ንጉሣዊ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ አካዳሚ በ1648 ተቋቋመ። በ1667 አንድሬ ፌሊቢያን የተባለው ጸሐፊ የሥዕል ዓይነቶችን በደረጃ አስቀመጠ። አመክንዮው እንዲህ ነው፦ ሰው ከፍጥረት ሁሉ የከበረ ነው፤ ስለዚህ ሰውን የሚስል ሠዓሊ ከሌላው ይበልጣል። ብዙ ሰዎችን በአንድ ታላቅ ታሪክ ውስጥ የሚስል ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው። ስለዚህ የመጽሐፍ ቅዱስና የጀግኖች ታሪክ ላይ ተቀመጠ፤ የቁም ሥዕል ተከተለ፤ መልክዓ ምድር ወደ ታች ወረደ፤ ከእርሱ በታች የቀሩት ፍራፍሬና አበባ ነበሩ።

ይህ ደረጃ ኑሮን ይወስን ነበር። ለታሪክ ሥዕል ትልቅ ሸራ፣ ትልቅ ሽልማት፣ የመንግሥት ግዢ አለ። የአካዳሚው ዐውደ ርእይ «ሳሎን» ይባል ነበር፤ ስሙን ያገኘው ከሉቭር ቤተ መንግሥት አንድ አዳራሽ ነው። እኛ ዘንድ ያው ቃል የእንግዳ መቀበያ ክፍል ስም ሆኖ ቀረ፤ የመልክዓ ምድር ሥዕል ዛሬ የሚሰቀለውም በአብዛኛው እዚያው ነው፣ ከሶፋው በላይ። በፓሪሱ ሳሎን ዳኞች ያልተቀበሉት ሠዓሊ ግን ገዢ ማግኘት እጅግ ይከብደው ነበር።

አካዳሚው በ1817 ለመልክዓ ምድር ሽልማት ቢያዘጋጅም «ታሪካዊ መልክዓ ምድር» እንዲሆን ደነገገ። ማለትም ዛፉ ሥር አንድ የግሪክ ጀግና ወይም አንድ ነቢይ መቆም ነበረበት። ምድር ብቻዋን አትበቃም ነበር።

የድርቆሽ ጋሪ እንዴት ፈተና ይሆናል?

እንግሊዛዊው ጆን ኮንስተብል በ1821 ባዶ የድርቆሽ ጋሪ ጥልቀት የሌለው ውኃ ሲሻገር ሳለ። ጎጆ አለ፣ ውሻ አለ፣ ዳመና አለ። ጀግና የለም። ነገር ግን ሸራው ወደ 1 ሜትር ከ85 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ስፋት ነበረው። ይህ መጠን በዘመኑ ልማድ ለታሪክ ሥዕል የሚገባ ነው። ኮንስተብል መግለጫ አላወጣም፣ ማንንም አልሰደበም፤ ለነገሥታት የተዘረጋውን ምንጣፍ ለጋሪ አነጠፈ። «ዝምተኛ ፈተና» የሚባለውን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሥዕሉ በለንደን ሲታይ ገዢ አላገኘም። በ1824 በፓሪሱ ሳሎን ቀርቦ ግን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በገዛ አገሩ ያለው የሮያል አካዳሚ ኮንስተብልን ሙሉ አባል ያደረገው በ1829 ነው፤ ያኔ ዕድሜው 52 ነበር፣ ያለፈውም በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ቴዎዶር ሩሶ የባሰ ገጠመው። ከ1836 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ሥራዎቹን ዳኞቹ እየመለሱበት «ታላቁ ተመላሽ» የሚል ስም ወጣለት። ከፓሪስ ወጥቶ በፎንተንብሎ ጫካ ዳር ባርቢዞን በምትባል መንደር ኖረ፤ ዋርካን የሚያህሉ የኦክ ዛፎችን እንደ ቁም ሥዕል፣ እያንዳንዱን በጠባዩ ሳለ። እርሱና ባልንጀሮቹ ዛፎቹ እንዳይቆረጡ ለመንግሥት አቤት አሉ፤ በ1861 የጫካው አንድ ክፍል በአዋጅ ተከለለ። ይህን ታሪክ የምወደው ሥዕል ከሸራው ወጥቶ የቆመ ዛፍ ሊያድን እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው የአሜሪካው የሎውስቶን የተከለለው ከዚያ ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ትንሽ የቴክኒክ ለውጥም ረድቷቸዋል። ቀድሞ የተበጠበጠ የዘይት ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር፤ ይፈነዳል፣ ይደርቃል። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የሚጨመቅ የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ፤ ዛሬ የጥርስ ሳሙና የምንጨምቅበት ዓይነት ማለት ነው። ሠዓሊው ቀለሙን በከረጢት ይዞ ሜዳ መውጣት ቻለ። ሜዳ ላይ ደግሞ ትእዛዝ የሚሰጥ መኮንን፣ የሚያዝ ጳጳስ፣ የሚከፈለው ሞዴል የለም። ማንም ሳያዘው የሚሠራ ሠዓሊ ለተቋሙ አስቸጋሪ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔና ጓደኞቹ በ1874 የራሳቸውን ዐውደ ርእይ በአንድ የፎቶግራፍ ስቱዲዮ ሲከፍቱ መንገዱ ተጠርጎ ነበር።

ሰው የሌለበት ሥዕል ምን ይናገራል?

ወደ እናትዬዋ ጥያቄ እንመለስ። የሰው አለመኖር ራሱ ንግግር ሊሆን ይችላል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቻይና በሞንጎሎች ሥር ሳለች ብዙ ምሁራን ለገዢዎቹ አናገለግልም ብለው ከሹመት ራቁ። ከእነርሱ አንዱ ኒ ዛን ነበር። ሥዕሎቹ ደረቅ ናቸው፦ ጥቂት ዛፎች፣ ባዶ ዳስ፣ ሰፊ ውኃ፣ ማዶ ኮረብታ። ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዳሱ ባዶነት የሚያሳዝን ብቻ አይደለም። ሊቀመጥ የሚገባው ሰው ለመቀመጥ ፈቃደኛ አይደለም ማለት ነው።

ሩሲያም የራሷ ታሪክ አላት፤ ለእኛም ቅርብ ነው፣ በደርግ ዘመን በርካታ ሠዓሊዎቻችን የተማሩት እዚያ ስለሆነ። በ1863 በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አካዳሚ 14 ተማሪዎች ለወርቅ ሜዳሊያ የተሰጣቸውን የአማልክት ታሪክ አንስልም ብለው ወጡ። እነርሱ በከፈቱት መንገድ ከመጡት መካከል ይስሐቅ ሌቪታን በ1892 አንድ የአፈር መንገድ ሳለ። ሜዳ፣ ግራጫ ሰማይ፣ ወደ አድማስ የሚሄድ መንገድ፣ ከሩቅ አንዲት ትንሽ መንገደኛ። የሥዕሉ ስም «ቭላዲሚርካ» ነው። ያን ስም የሰማ ሩሲያዊ ሁሉ እስረኞች በሰንሰለት ታስረው ወደ ሳይቤሪያ የሚነዱበት መንገድ መሆኑን ያውቃል። ሌቪታን አንድም ሰንሰለት አልሳለም። ሳንሱር የሚያደርገው ሹም ምን ብሎ ይከለክላል? መንገድ ነው።

እኛ ቅኔ ያለን ሕዝብ ስለሆንን ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። ሰሙ መንገድ ነው፤ ወርቁን ተመልካቹ ያወጣዋል።

በሩ ጨርሶ ከተዘጋስ?

ከአዳራሹ ውጭ መሸጥም አለ። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ፎርት ፒርስ አካባቢ ጥቁር ወጣቶች ጋለሪዎች በዘር መድልዎ ዘግተውባቸው የባሕር ዳርቻና የዘንባባ ሥዕል መሥራት ጀመሩ። ሃሮልድ ኒውተንና አልፍሬድ ሄር ከቀዳሚዎቹ ነበሩ። ሸራ ውድ ስለነበረ በግንባታ ሰሌዳ ላይ ይስላሉ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ መኪና ላይ ጭነው በአውራ ጎዳና ዳር በ25 ዶላር ገደማ ይሸጣሉ። ሌላው ምርጫቸው ብዙ ጊዜ የፍራፍሬ እርሻ ውስጥ የቀን ሥራ ነበር። ሥዕሎቹ ላይ የፖለቲካ ቃል የለም። ነገር ግን መድልዎ ባለበት አገር አንድ ጥቁር ሰው ኑሮውን በብሩሽ ማቆሙ፣ ያንንም ምድር የእኔ ነው ብሎ በዓይኑ መያዙ በቂ ነበር። በ2004 የፍሎሪዳ ግዛት 26ቱን በክብር መዝገቡ ላይ አሰፈራቸው።

እኛ ዘንድስ?

የእኛ ደረጃ አንድ ፌሊቢያን ተነሥቶ አልጻፈውም፤ ግን አለ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለጸሎት ስለሆነ መሀሉ ቅዱሱ ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። ስለዚህ የማየትና የመታየት ማዕረግ አለ። ምድር በዚህ ውስጥ አገልጋይ ናት። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ይሳላሉ፤ ዝቋላ ግን መቆሚያቸው ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የሥዕሉ ዓላማ ሌላ ነው። ዓላማው ግን ዓይናችንን አሠልጥኖታል።

ከዚያ የዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች መጡ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ሠራዊቱ በግራና በቀኝ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ ከቤት ወጥቶ ቦታን እያዩ መንደፍ የትምህርት አካል የሚሆንበት በር ተከፈተ። ትልልቆቹ የመንግሥት ሥራዎች ግን ያው የታሪክ ሥዕል ነበሩ፤ አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ግዙፍ የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ነፃነት ይተርካል፣ ውበቱም ማንም የሚመሰክረው ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ሠራተኛው፣ ገበሬውና ወታደሩ ክንዳቸውን አነሡ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ያለው የትግላችን ሐውልት እስከ ዛሬ ያንን ዘመን ያሳየናል። መሬት ላራሹ በታወጀበት አገር መሬቱ ራሱ ብቻውን ሲሳል ማየት ብርቅ መሆኑ ያስገርመኛል።

ዛሬ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የማስታወሻ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ግቡ። ጎጆ፣ ግራር፣ የምትጠልቅ ፀሐይ በብዛት አለ። ጋለሪዎች ውስጥ ደግሞ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕልና ከዕቃ የሚደራጅ ሥራ የክብሩን ቦታ ይዟል፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ ረቂቅ ሥዕል ሲያሳይ እርሱ ነበር እንግዳው፣ ያስደነገጠው። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ሸራ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ያየውን የሚስል ወጣት «የቱሪስት ሥዕል» ሊባል ይችላል። በእኔ እምነት ፈተናው ያለው እዚህ ነው፦ ከሁለቱም ወገን ተጠግቶ ለመኖር እምቢ ማለት፤ ለቱሪስቱ ጎጆ አለመሳል፣ ለጋለሪው ብሎም ያዩትን አለመደበቅ።

ሁሉም የመልክዓ ምድር ሥዕል ይገዳደራል ማለት ነው?

በፍጹም። ምድርን ባዶ አድርጎ መሳል ወራሪን ያገለገለበት ጊዜም አለ። በ1872 የአሜሪካ ኮንግረስ የቶማስ ሞራንን ግዙፍ የሎውስቶን ሥዕል በ10,000 ዶላር ገዛ፤ እንዲህ ያሉት ታላላቅ የምዕራብ ምድር ሥዕሎች ግን ለብዙ ተመልካች አገሩ ባለቤት እንደሌለው አስመስለዋል፤ የነባሮቹ ሕዝቦች ምድር ሆኖ ሳለ። ስለዚህ «ሰዎቹ የት ሄዱ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። አንዳንዴ ሠዓሊውን ራሱን ይከሳል።

መለያው ቀላል ነው፤ ሠዓሊው ሲስል ያየው ቦታውን ነው ወይስ የገዢውን ፊት? እንጦጦን የሚስል ሰው ቦታውን በእርግጥ ካየ በብዛት የሚያገኘው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ሲጠና ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፤ ስሙም ይህን ይመሰክራል። ጥዱ በብዛት ያለው ታሪክ ውስጥ ነው። እውነተኛ የእንጦጦ ሥዕል ሳይናገር ይህን ሁሉ ይናገራል፤ የቱሪስት ሥዕል ግን አሁን የሌለ ድንግል ጫካ ይጨምርበታል።

እንዴት ልየው?

ከሥዕሉ በፊት ቦታውን እዩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቁሙና ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሃር ተመልከቱ። ብርሃኑ ከግራ ይመጣል። ከታች ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ አድማሱን ሰንጥቆ ቆሟል። የአድማሱን መስመር ሸራው ላይ የት ታደርጉታላችሁ? ዝቅ ብታደርጉት ሰማዩ ሁሉን ይውጣል፤ ከተማው ትንሽ ይሆናል። ከፍ ብታደርጉት ምድሩ፣ አስፋልቱ፣ የሰው ቤት ሸራውን ይሞላል። ሕንፃውን ታካትታላችሁ ወይስ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ በዛፍ ትከልሉታላችሁ? እያንዳንዱ ውሳኔ ማን ከዙፋኑ አጠገብ እንደሚቀመጥ መወሰን ነው። ከዚያ ጋለሪ ገብታችሁ ሌላው ሰው ምን እንደ ወሰነ ተመልከቱ። መጠኑንም እዩ፤ ትንሽ ነገር በትልቅ ሸራ ከተሳለ ኮንስተብልን አስታውሱ።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የፒያሳ ብዙ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ለኮሪደር ልማቱ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ሲሄዱ ያ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥዕል ትዝ አለኝ። የየትኛው ሰፈር እንደነበር አልጠየቅሁም ነበር። እናትዬዋ ግን ያን ቀን ከወጣቱ መልስ በኋላም ከሥዕሉ ፊት አልሄዱም። ጠጋ አሉ፤ መነጽራቸውን አወጡ፤ ከመጨረሻው ጣሪያ በላይ ባለው ሰማይ ላይ እኔ ያላየሁትን፣ ከብሩሽ ጫፍ የማይበልጥ ቀጭን ግራጫ መስመር በጣታቸው አሳዩት።

«ይኸው ጭሱ» አሉት። «ቤት ውስጥ ናቸው። ቡና እየቆሉ ነው።»